ባሕረ ገቡን በብስክሌት የዞሩት ጋሽ ሰይድ

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ማለዳ የጋሽ ሰይድ ልጅ ነጃት ደወለችልኝ።

«መሲ፣ ባባ ሄደ» አለችኝ።

«ወዴት?» አልኳት።

የምሬን ነበር። ጋሽ ሰይድ ሄዱ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ እሱ ነው፤ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ዳገት፣ ውኃ ይዘዋል ወይ። ነጃት ዝም አለች። ዝምታዋ ሲረዝም ገባኝ። እሷም የጠየቅኳት ነገር ገባት መሰለኝ፣ ድንገት ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ስልክ ይዘን፣ ሳቃችን ወደ ለቅሶ እስኪለወጥ ድረስ ሳቅን። ጋሽ ሰይድ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። የሱብሒን ሶላት ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው ያረፉት።

ለቅሶ ቤት ስለ እሳቸው የሚወራውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደግ ነበሩ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ። እኔ የማወራው ግን በስልሳ ሁለት ዓመታቸው፣ የልባቸው ደም ሥር ውስጥ ሽቦ ተቀምጦላቸው፣ ዳገት የሚባል ነገር በሌለበት ዳላስ እየኖሩ፣ አንድ ትልቅ ባሕረ ገብ መሬት በብስክሌት ሊዞሩ ስለተነሱበት ጊዜ ነው። እኔንም ይዘውኝ ነው የተነሱት። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋ ነበር። እሳቸው የሠራተኞችን አውቶቡስ ይነዳሉ። መኪናችንን ፓርክ ከምናደርግበት ሩቅ ሜዳ ይጭኑንና ተርሚናሉ በር ላይ ያወርዱናል፤ ተመልሰው ሌላ ይጭናሉ። ቀኑን ሙሉ ያንኑ መንገድ ሲዞሩ ነው የሚውሉት። አጠር ደንደን ያሉ፣ መዳፋቸው የሰፋ ሰው ነበሩ። ከትከሻቸው ላይ ጨርቅ አይለይም። በጨርቁ መሪ ይወለውላሉ፣ ላብ ይጠርጋሉ፣ ሲስቁ ደግሞ የገዛ ጭናቸውን ይመቱበታል። በማይክሮፎኑ «ዋች ዩር ስቴፕ» ሲሉ የኮምቦልቻ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ቃል አያስፈልግም ነበር።

ለችግር ሁሉ የነበራቸው መልስ አንድ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ጮሆብኝ ፊቴ ጠቁሮ አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ በመስታወት ያዩኝና፣ «አንች መሲ፣ ማርሽ ቀንሽ» ይሉኛል። ከባሌ ጋር ስኮራረፍም ማርሽ ቀንሽ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምርብኝም ያው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ በማርሽ የሚፈታ ነገር አይደለም» ስላቸው፣

«አንች ገና ዳገት አላየሽም» ይሉና ጭናቸውን በጨርቁ ጠብ ያደርጋሉ።

ዳገት ያዩት እሳቸው ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳቢ ጎትተው፣ በባቲ ቁልቁለት ወርደው፣ በረሃውን አቋርጠው አሰብ ወደብ ተመላልሰዋል። አንድ ቀን አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ እኔ ብቻ ስቀር እንዲህ አሉኝ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ፤ ባሕሩን ግን አላየሁትም። ደርሰሽ ትጭኛለሽ፣ ጭነሽ ትመለሻለሽ። ሙቀቱ ይገርፍሻል፣ አለቃው ይጮኻል። ከወደቡ ግንብ ማዶ ዳርቻው ምን እንደሚመስል ብትጠይቂኝ አላውቅም። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ዳር ዳሩን ይዤ፣ ምንም ሳልጭን፣ ቀስ ብዬ ብሄድ እል ነበር።»

ነገሩን የቀሰቀስኩት ግን እኔ ነኝ። ቤንዚን ሰማይ የነካበት ዓመት ነበር፤ ግማሹ ሠራተኛ መኪና መጋራት ሲጀምር ጋሽ ሰይድ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል አሮጌ ብስክሌት ገዝተው ሰፈር ውስጥ መንዳት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን የገፋኋቸው መንገደኛ ዊልቸሩ ላይ መጽሔት ረስተው ሄዱ። ሽፋኑ ላይ ብስክሌት ስላለ ብቻ ለእሳቸው ወሰድኩላቸው። ውስጡ ካርታ ነበር፤ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከሲያትል ማዶ፣ ኦሎምፒክ የሚባል መሬት ወደ ባሕሩ ተገፍቶ ወጥቷል። ዙሪያውን ቀይ መስመር ይዞታል። የብስክሌት መንገድ ነው።

«ይሄ ዓይነት መሬት ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ፔኒንሱላ።»

«በኛስ?»

የስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊዬን ፈለግኩ። «ባሕረ ገብ መሬት።»

«ባሕር ውስጥ የገባ መሬት!» አሉ፤ ካርታውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «ደፋር ነው አቦ።»

በሳምንቱ የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ ፎርም ይዘው መጡ። ሁለት ፎርም ነው። አንዱ ላይ ስሜን ጽፈውበታል።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ ብስክሌት አልችልም!»

«ቀኑን ሙሉ ጎማ ትገፊ የለም እንዴ? እግርሽ ተዘጋጅቷል። ከኋላ መግፋቱን ትተሽ ላዩ ላይ መውጣት ነው የቀረሽ።»

ሁለታችንም ከዳላስ ጥግ፣ አዲሰን የምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ። ለኔም ሌላ አሮጌ ብስክሌት ፈልገው እዚያው ፓርኪንግ ላይ አስተማሩኝ። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ይሮጣሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጥተው ያያሉ። በአራተኛው ቀን ዞር ስል እሳቸው ከሩቅ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ መቼ እንደለቀቁኝ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከደስታዬ ብዛት ፍሬን መያዝ ረስቼ የጎረቤታችን አበባ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ የዳገት ጥያቄ መጣ። የመጽሔቱ ካርታ ሥር የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ እንደ መጋዝ ጥርስ ተስሏል። ዳላስ ደግሞ ጠረጴዛ ናት። ጋሽ ሰይድ ሁለት ሳምንት ዳገት ሲፈልጉ ከርመው በመጨረሻ አገኙ፤ አዲሰን ውስጥ ያለ የቢሮ ሕንፃ፣ ስድስት ፎቅ ፓርኪንግ ያለው። እሑድ ጠዋት ባዶ ነው። ከምድር እስከ ጣሪያ እየዞርን እንወጣለን፣ ጣሪያው ላይ ውኃ ጠጥተን እየዞርን እንወርዳለን።

በመጀመሪያው እሑድ ጥበቃው አባረረን። በሁለተኛውም አባረረን። በሦስተኛው ጋሽ ሰይድ ቀድመው ሰላም አሉትና፣ ምንም ሳይናገሩ ጨርቃቸውን ከትከሻቸው አውርደው የሚዞርበትን ትንሽ ጋሪ መስታወት ወለወሉለት። ሰውዬው መስታወቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ወንበር አውጥቶ፣ ሰዓቱን ይዞ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን የሚነግረን እሱ ሆነ። ለኔ «ቱ ስሎው!» እያለ ይጮኻል፤ ለእሳቸው ቆብ ያነሳል።

ችግሩ ነጃት ነበረች። ነጃት የጋሽ ሰይድ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ትንሽ እያለች ነው፤ አባቷ ብቻቸውን እዚሁ አሳድገዋታል። ሥራ ይዛ፣ ራቅ ብላ ማኪኒ የሚባል ከተማ አዲስ ቤት ገዝታ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ሰይድ ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ አብራቸው የነበረችው እሷ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ያንን ሽቦ ሲያስገቡላቸው ፊርማውን የፈረመችውም እሷ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷን እንደ ብርጭቆ ነበር የምትይዛቸው። የብስክሌቱን ነገር ከኔ አፍ አምልጦ ስትሰማ መጥታ ብስክሌቱን መኪናዋ ላይ ጭና ወሰደችው፤ ማኪኒ፣ የራሷ ጋራዥ ውስጥ ቆለፈችበት።

በማግስቱ ሦስታችን ቤታቸው ተቀመጥን።

«ባባ፣ ሊስን። አንተ እኮ ልብ የለህም!» አለች ነጃት።

ልብህ ታሟል ማለቷ ነበር። ጋሽ ሰይድ ጭናቸውን በጨርቁ መትተው ሳቁ። «እውነትሽን ነው ልጄ። ልብ ቢኖረኝ ቴክሳስ ላይ ዳገት እፈልግ ነበር?»

ነጃት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ቀልዱን ሳስረዳት አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ያኔ ፍሎሩ ላይ ስትወድቅ አንተ አላየህም። እኔ ነኝ ያየሁት» አለች።

ጋሽ ሰይድ ጨርቁን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ዶክተሩን አብረን እንጠይቀው። አትሂድ ካለኝ ብስክሌቱን አንች ጋ ይቅር» አሏት።

ዶክተሩ መረመራቸው፣ በማሽን ላይ አስሮጣቸው፣ ቀስ ብለው ከነዱና መድኃኒታቸውን ካልረሱ ይሂዱ አለ። ነጃት ፊቷ ላይ ያ ሰውዬ ከዳኝ የሚል ነገር ይነበብ ነበር። «ኦኬ» አለች በመጨረሻ። «ሶ፣ እኔም እመጣለሁ። በመኪና።»

ሐምሌ ላይ ሄድን። ነጃት ሲያትል ላይ ሚኒቫን ተከራየች፤ በጀልባ ተሻግረን ማዶ መንገዱን ጀመርን። እሷ ትልቅ ፋይል ይዛለች። በየቀኑ የት እንደምናድር፣ በስንት ሰዓት እንደምንነሳ፣ በየመንደሩ የሚቀርበው ሆስፒታል የት እንደሆነ፣ የአባቷ ኪኒን፣ የየቦታው የሶላት ሰዓትና ለሶላት ወደ መካ የሚዞሩበት የቂብላው አቅጣጫ ሳይቀር ታይፕ አድርጋ አስገብታለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሱ ካለች አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። መኪናዋን ቀድማ ወስዳ በየሃያ ደቂቃው መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀናለች። ስንደርስ መጀመሪያ የምትይዘው የአባቷን የእጅ አንጓ ነው፤ የልብ ምታቸውን ትቆጥራለች።

«እንደ ጎማ ነው የምትለኪኝ» ይሏታል።

መንገዱ ከመጋዝ ጥርሱም የባሰ ነበር። በግራ በኩል አንዴ ገደል፣ አንዴ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚፈርጥ ማዕበል፤ በቀኝ በኩል ሰማዩን የሸፈነ ጫካ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። በአሜሪካ ሐምሌ ዝናብ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ መጣ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ግንድ የጫኑት ትልልቅ መኪኖች ነበሩ። ከኋላ እያጓሩ መጥተው ሲያልፉ ንፋሳቸው ይጎትተኛል። አንድ ቀን ከፍርሃቴ የተነሳ ብስክሌቱን ጥዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሰይድ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ሹፌሩ ይፈራሻል እንጂ አንች አትፍሪው» አሉኝ። «እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። እንደዚህ ስትወላገጂ የሚያልበው እሱ ነው። መስመርሽን ይዘሽ ሂጂለት፣ ይገላገል።»

ያንን ካሉኝ በኋላ ስለ ሹፌሩ እያዘንኩ ቀጥ ብዬ መንዳት ጀመርኩ።

በስምንተኛው ቀን ወደ ጫፉ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ያዝን። ካርታው ላይ መሬቱ እንደ ጣት ቀጥኖ ባሕሩ ውስጥ የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ከቀይ መስመሩ በላይ በእስክርቢቶ ከበውታል። እሳቸው ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር የሚነዱት። ቀትር አካባቢ ነጃት የምትጠብቅበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረስኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

«ባባ የት አለ?» አለች ነጃት።

«ይመጣሉ፣ ከኋላዬ ነበሩ።»

አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ ሆነ። ስልክ አይሠራም። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ነጃት የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች፤ ብስክሌቴን ከኋላ ጭነን ገባን። የመጣሁበትን መንገድ ወደ ኋላ ነዳን። በየኩርባው አንገቴን አስግጌ ቢጫ ጃኬታቸውን እፈልጋለሁ። የለም። ሌላ ኩርባ። የለም።

ከዚያ አስፋልቱ ላይ ቅጠል አየሁ። ነፋስ የጣለው አይደለም። ተቆርጦ፣ በእኩል ርቀት፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ በተርታ የተነጠፈ ለምለም ቅርንጫፍ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ኩርባው ድረስ።

«ቀስ በይ! ከፊት የቆመ መኪና አለ» አልኳት።

«ሃው ዱ ዩ ኖው?»

«ይሄ የአባትሽ ሥራ ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ የኛ አገር ሹፌሮች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

ኩርባውን ስንዞር ግንድ የጫነ መኪና ከጫካ መንገድ ብቅ ብሎ፣ አፍንጫው አስፋልቱ ላይ ሆኖ ቆሟል። የጋሽ ሰይድ ብስክሌት ዛፍ ተደግፏል። ከመኪናው ሥር፣ ከሁለት ጎማዎች መሃል፣ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። እኔ የማውቃቸው እግሮች ናቸው፤ የማውቀው ጫማ።

ነጃት መኪናውን ሳታጠፋ ነው የወረደችው። «ባባ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከጫካው ተመልሶ መጣ።

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ከሥር ድምፅ መጣ።

«መሲ፣ አንች ነሽ? ለዚህ ሰውዬ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ አቀብለኝ በይልኝ። ስንት ጊዜ ናይንቲን አልኩት፣ አይገባውም።»

ሰውዬው ከመኪናው ማዶ ብቅ አለ፤ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ግዙፍ ሰው፣ ሮይ ይባላል። ሦስት ዓይነት ቁልፍ በእጁ ይዞ ግራ ተጋብቷል። እሱ በኢንች ነው የሚቆጥረው፣ ጋሽ ሰይድ በሚሊሜትር። ሁሉንም ቁልፎች ተቀብዬ ወደ ሥር ሰደድኳቸው። ሦስት አራተኛ ኢንቹ ልክ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ እንዳለፍኩ መኪናው ብቅ ሲል ፍሬኑ ነክሶ አልለቅ ብሎት፣ ሮይ ምክንያቱን ሲፈልግ ነበር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ። ጋሽ ሰይድ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ መበተን ነው። ከዚያ ሮይን በምልክት «አጥፋው» አሉት። ሞተሩ ሲጠፋ ጆሯቸውን ወደ ጎማዎቹ አዘንብለው አዳመጡ። ከኋላ አንድ ቦታ አየር ይተነፍሳል። የቱቦው መጋጠሚያ ላልቶ ነው። ጃኬታቸውን አውልቀው ገቡ።

ከሥር ወጥተው ፊታቸው ግራሶ ሆኖ፣ እየሳቁ ቆሙ። «አንድ እንግሊዝኛ ሳንነጋገር ተግባባን!» አሉ።

ነጃት አልሳቀችም። አስፋልቱ ዳር፣ ቅጠሎቹ አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። 

ጋሽ ሰይድ ሳቃቸው ጠፋ። ሄደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ፈራሽ እንዴ?»

«ሞተሃል ብዬ ነው! እግርህን ሳይ… ዴድ ነህ ብዬ!»

እሳቸው እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። ከዚያ፣ «መጥቼ ልነግርሽ ይገባ ነበር። የመኪና ድምፅ ስሰማ ሁሉን ረሳሁት» አሏት። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

ጋሽ ሰይድ ይቅርታ ሲጠይቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ነጃትም የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀና ብላ አየቻቸው።

ሮይ ነገሩ ገብቶት ኖሮ በቀስታ መጣ። መኪናው አሁን ይሄዳል፤ ብስክሌቶቻችሁን ከላይ አስሬ ጫፉ ድረስ ላድርሳችሁ አለ። እኔ እግሬ ስለዛለ ልስመው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ጋሽ ሰይድ ስተረጉምላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑት።

«በጭነት መኪናማ ባሕር ጋ ስደርስ ኖሬያለሁ» አሉ። «እኔ በዚችው ልሂድ። እናንተ ግን በመኪና ሂዱ፤ መሲ ደክሟታል።»

ነጃት ተነሳች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መሲ፣ ሄልሜትሽን ስጪኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊ?»

«እኔ ነኝ የምሄደው። አንቺ ንጂ።»

ብስክሌት እንደምትችል እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ ትንሽ እያለች አባቷ አስተምረዋት፣ ከዚያ ቀን በኋላ አብረው ነድተው አያውቁም። መጀመሪያ ትንሽ ተወላገደች፣ ከዚያ ያዘች። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ሊሆኑ ሲሉ፣ «ኖ ባባ፣ ሳይድ ባይ ሳይድ» አለቻቸው።

ሚኒቫኑን በአራት መብራት እያብለጨለጭኩ ከኋላ ተከተልኳቸው። መንገዱ ባሕሩን እየታከከ ይጠማዘዛል። ቢጫው ጃኬትና የኔ ሰማያዊ ሄልሜት ጎን ለጎን፤ አንዴ እሳቸው እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ያሳያሉ፣ አንዴ እሷ ትስቃለች፤ ሳቋን የማየው ከትከሻዋ ነው። ከፊት ግንድ የጫነ መኪና መጣ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ከሩቅ ቀነሰ፣ ዳሩን ያዘ፣ ሲያልፍ ረጅም ጡሩምባ ነፋ። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቷል። ሁለተኛው መጣ፣ እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሮይ በመኪናው ሬዲዮ ለሁሉም ነግሯቸው ነበር፤ ቢጫ ጃኬት የለበሰ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መንገድ ላይ አለ ብሎ። ጋሽ ሰይድ ለእያንዳንዳቸው መሪ ላይ እንደተቀመጠ ሹፌር ሁለት ጣታቸውን ብቻ አንስተው ሰላምታ ይመልሳሉ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ብስክሌቶቹን ትተን በጫካው መሃል በጣውላ መንገድ ላይ በእግር ሄድን። ዛፎቹ ድንገት አለቁ። ከእግራችን ሥር ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ማዕበሉ ከድንጋዩ ሥር ባሉት ዋሻዎች ውስጥ እየገባ ያገሳል። ከዚያ ወዲያ አንድ ትንሽ ደሴት፣ ላዩ ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ።

ጋሽ ሰይድ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቀልድ ያመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላመጡም። ጨርቃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ነፋሱ ነው ለማለት እንኳ አልሞከሩም።

ነጃትን ወደ ጎን ሳብ አደረግኳት። «መንገድ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስታወሩ ነበር?»

«ስለ ጊር… ስለ ማርሽ» አለች። «ሆል ዌይ! ዳገት ሲመጣ ምን ላድርግ፣ ቁልቁለት ሲመጣ ምን ላድርግ። በረሃ ላይ ምን እንዳደረገ። መሲ፣ አንድ ጊዜ ፍሬን ሳይኖረው በማርሽ ብቻ ያን ሁሉ ተራራ ወርዷል፤ ዲድ ዩ ኖው ዛት? ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።» ወደ አባቷ አየችና፣ «ጠይቄውም አላውቅም» አለች።

የዐሥር ሶላት ሰዓት ነበር። ነጃት ፋይሏን መኪና ውስጥ ትታዋለች፤ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ጣቷን ወደ ሰሜን አድርጋ፣ «ቂብላው ወደዚያ ነው» አለቻቸው።

«ወደ ሰሜን? ዳላስ ላይ ወደ ምሥራቅ አዘንብዬ አይደል የምሰግደው?»

«ባባ፣ መሬት እኮ ክብ ናት። ከዚህ ሲሆን ወደ መካ በላይ በኩል፣ በሰሜን ዋልታ ነው የሚያጥረው።»

አሰቡበት። «በላይ በኩል» አሉ፤ ጭናቸውን በጨርቁ ጠብ አድርገው። «ይሄን መንገድ ብናውቀው ኖሮ ለአሰብም እናሳጥርበት ነበር።» ከዚያ ጨርቁን ጣውላው ላይ አነጠፉ፤ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ሰግደው ሲጨርሱ ጠርዙን ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉና ለልጃቸው ቦታ ሰጧት። ነጃት የጃኬቷን ኮፍያ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሰገደች። እኔ አጥሩን ተደግፌ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ጠበቅኳቸው።

ልንመለስ ስንል ጋሽ ሰይድ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ነጃት፣ ክንድሽን ስጪኝ» አሉ።

«አመመህ?» ዓይኗ ፈጠጠ።

«አላመመኝም። ደከመኝ።»

በዚያ ሁሉ ወር፣ በዚያ ሁሉ ፎቅና ዳገት፣ ይህችን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነጃት የእጃቸውን አንጓ አልያዘችም፣ ምታቸውንም አልቆጠረችም። ክንዷን ሰጠቻቸው። ቀስ ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ በጣውላው ላይ መራመድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ነኝ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሽ ሰይድ፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አሏት።

«አንተ በፈለግክበት ሰዓት» አለች ነጃት።

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ «አንች ስትነቂ።»